«ቀፎው በወር 12,835 ዎን ብቻ ነው»፦ የኮሪያ የስልክ ቅናሽ ሂሳቡ ሲፈታ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ሴኡል የሚማሩ የማስተርስ ተማሪ ናቸው፤ የመኖሪያ ፈቃዳቸው 2 ዓመት ይቀረዋል። አሁን የሚጠቀሙት የአንድ አነስተኛ ኩባንያን ርካሽ መስመር ነው። አንድ የስልክ ሱቅ «ቁጥርዎን ይዘው ወደ እኛ ከዞሩ ጋላክሲ ኤስ25 በወር 12,835 ዎን ብቻ ያገኛሉ፤ ፓኬጁ 89,000 ዎን፣ የቀፎው ክፍያ 36 ወር» ብሏቸዋል። «ይህ ዋጋ እውነት ነው? ኮሪያዎቹስ አዲስ ስልክ እንዲህ በነፃ ሊሰጡ ምን ቀራቸው?» ይላሉ።

ዋጋው እውነት አይደለም። በተነገረዎት አኃዝ ውስጥ ለቀፎው የተደረገ ቅናሽ አንድ ዎን እንኳ የለም።

ባለ 256 ጊጋባይቱ ጋላክሲ ኤስ25 ኮሪያ ውስጥ ለገበያ ሲቀርብ የተቆረጠለት ዋጋ 1,155,000 ዎን ነው። ሦስቱ ትልልቅ ኩባንያዎች (ኤስኬ ቴሌኮም፣ ኬቲ እና ኤልጂ ዩፕለስ) የቀፎ ዋጋ በየወሩ ተከፋፍሎ ሲከፈል በዓመት 5.9 በመቶ ወለድ ያስባሉ። ሙሉው ዋጋ ከነወለዱ ለ36 ወር ሲከፋፈል በወር 35,085 ዎን ይሆናል። በሌላ በኩል በፓኬጁ ለ24 ወር እቆያለሁ ብሎ የሚፈርም ደንበኛ ከወርሃዊ ሂሳቡ 25 በመቶ ይቀነስለታል፤ ከ89,000 ላይ 22,250 ዎን ነው። ከ35,085 ላይ 22,250 ይቀንሱ፤ 12,835 ይቀራል። ሻጩ ያደረገው ይህን ብቻ ነው። የአገልግሎቱን ቅናሽ አንሥቶ ቀፎው ላይ ለጠፈው።

ያ 25 በመቶ ደግሞ የሱቁ ስጦታ አይደለም። ውል ላይ «ሶንቴክ ያክጆንግ» ተብሎ ይጻፋል፤ ከኩባንያው የቀፎ ድጎማ ያልወሰደ ሰው ሁሉ በሕግ ያገኘዋል። ከቤቱ አሮጌ ስልክ ይዞ የመጣም፣ ውል ጨርሶ በዚያው ቀፎ የሚቀጥልም ይሰጠዋል። ስለዚህ ትክክለኛው ወርሃዊ ሂሳብዎ 66,750 ለፓኬጁ፣ 35,085 ለቀፎው፣ በድምሩ 101,835 ዎን ነው። ለወለድ ብቻ በ36 ወር ውስጥ 108,000 ዎን ያህል ይወጣል።

ሌላም አለ። የ25 በመቶው ውል የሚፈረመው ለ12 ወይም ለ24 ወር ነው፤ የቀፎው ዕዳ ግን 36 ወር ነው። 24ኛው ወር ሲያልፍ ውሉን ካላደሱ ሂሳቡ በድንገት በ22,250 ዎን ይዘላል። እርስዎ ደግሞ በዚያ ጊዜ ሻንጣ እያሰሩ ነው፤ ከቀፎው ዕዳ ገና 408,000 ዎን ያህል ይቀራል፣ መስመሩ ሲዘጋም በአንድ ጊዜ ሊጠየቅ ይችላል። የፈቃድዎ ጊዜ ስለሚያጥር 36 ወሩ በኩባንያው በኩል ላያልፍ ይችላል። ያኔ ሻጩ «ችግር የለም፣ 24 እናደርገዋለን» ይላል። በ24 ወር የቀፎው ክፍያ 51,138፣ ጠቅላላው ሂሳብ 117,888 ዎን ነው። መጀመሪያ የተነገረዎት 12,835 ያኔ የት እንደገባ ይጠይቁ።

ኮሪያዎቹ ለምን እንዲህ ያድላሉ ለሚለው፣ መልሱ ገበያው ሞልቷል ነው። የአገሪቱ ሕዝብ 51 ሚሊዮን ገደማ ሲሆን የሞባይል መስመሩ ከሕዝቡ ቁጥር በልጧል። ስልክ ያልነበረው አዲስ ደንበኛ የሚገኘው ልጆች ሲያድጉ ወይም እንደ እርስዎ ከውጭ ሰው ሲመጣ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ አንዱ ኩባንያ የሚያድገው ከሌላው ነጥቆ ነው። ማስታወቂያው ሁሉ «ቁጥርዎን ይዘው ይዙሩ» የሚለው ለዚህ ነው፤ ውል ላይ «ቦንሆ ኢዶንግ» ይባላል። በዚያው ኩባንያ ሆኖ ቀፎ ብቻ መቀየር «ጊጊ ብዮንግዮንግ» ነው። ለአንድ ቀፎ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሱቅ ውስጥ ለሁለቱ የሚሰጠው ገንዘብ በመቶ ሺዎች ዎን ሊራራቅ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ የሚያተርፈው የሚዞረው ነው። ለአሥር ዓመት ታማኝ የሆነ ደንበኛ እዚያ አገር ብዙ አይሸለምም።

ነገሩ ከመጀመሪያው እንዲህ ነበር። በ1996 (ቀናቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሲዲኤምኤ በተባለው ቴክኖሎጂ የሚሠራ የሞባይል አገልግሎት ተጀመረ፤ በ1997 ሦስት ተጨማሪ ኩባንያዎች ሲገቡ አምስት ሆነው ቀፎ በነፃ እያደሉ ደንበኛ ተሻሙ። በ1999 የሞባይል ደንበኛ የመደበኛ ስልኩን ቁጥር በለጠ። ወጪው ከልክ ሲያልፍ መንግሥት በ2000 የቀፎ ድጎማን ከለከለ፤ ክልከላው በ2003 ሕግ ሆነ፣ በ2008 ተነሣ። በመካከሉ፣ ከ2004 ጀምሮ፣ ቁጥርን ይዞ መዞር ተፈቀደ፤ የዛሬው ፉክክር የቆመው በዚህ ላይ ነው።

በጥቅምት 2014 እንደገና የቁጥጥር ሕግ ወጣ። ሐሳቡ ሁሉም ሰው እኩል ድጎማ ያግኝ የሚል ነበር። ኩባንያው የሚሰጠውን በይፋ ይለጥፋል፤ ለአዲስ ቀፎ ጣሪያው 300,000 ዎን ሆነ፣ በኋላ 330,000፤ ሱቁ ከራሱ መጨመር የሚችለው ከተለጠፈው 15 በመቶ ብቻ ነበር። ሕጉ አንድ ወር እንደሞላው፣ በኅዳር 1 ሌሊት፣ አንዳንድ ሱቆች 789,800 ዎን የነበረውን አይፎን 6 በ100,000 እና በ200,000 ዎን መካከል ሸጡት፤ ሰው በሌሊት ተሰለፈ። ተቆጣጣሪው ሦስቱንም ኩባንያዎች ከሰሰ። ከዚያ በኋላ ቅናሹ ወደ ጓዳ ገባ እንጂ አልቆመም። እንደ ሲንዶሪም ቴክኖማርት ባሉ የስልክ ገበያዎች ሻጭ ዋጋ በአፉ አይናገርም፣ ካልኩሌተር ላይ ጽፎ ያሳያል፤ መቅረጽ ክልክል ነው። እንዲህ ያሉትን ርካሽ ሱቆች ሰዉ «ሶንግጂ» ይላቸዋል፣ የተቀደሰ ስፍራ ማለት ነው። ዋጋ ሳያጣራ የሚገዛውን ደግሞ «ሆጌንግ»፤ ይህን መተርጎም አያስፈልግም።

የ2014ቱ ሕግ ሐምሌ 22 ቀን 2025 ተሽሯል። ለእርስዎ የሚጠቅመው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የሱቁ ጭማሪ ጣሪያ የለውም። የ25 በመቶውን ቅናሽ የመረጠ ሰውም፣ ድሮ ያልነበረ ነገር ነው፣ ከሱቁ ተጨማሪ ድጎማ መቀበል ይችላል። ሱቁም የሰጠውን ገንዘብ፣ ማን እንደሰጠው፣ በምን ፓኬጅና በምን ተጨማሪ አገልግሎት ግዴታ እንደሰጠው ውሉ ላይ መጻፍ አለበት።

ያው ዓመት ገበያው እንዴት እንደሚናወጥም አሳይቷል። ሚያዝያ 2025 የኤስኬ ቴሌኮም የሲም መረጃ ተሰረቀ፤ 23 ሚሊዮን ያህል ደንበኛ ሲም በነፃ ይቀየርልህ ተባለ፤ ከግንቦት 5 እስከ ሰኔ 24 ድረስ ሱቆቹ አዲስ ደንበኛ እንዳይቀበሉ ታገዱ፤ እስከ ሐምሌ 14 የሚለቅ ሰው ቅጣት እንዳይከፍል ተወሰነ። ኩባንያው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ደንበኛ አጣ፣ የገበያ ድርሻውም ከ40 በመቶ በታች ወረደ። ተፎካካሪዎቹ ድጎማ ጨመሩ፤ በሩ ሲከፈትለት እሱም በድጎማ ሊያስመልስ ተነሣ። ጥሩ ቅናሽ የሚገኘው እንዲህ ባለው ሳምንት፣ ወይም አዲስ ሞዴል ሊወጣ ሲል አሮጌውን ለማራገፍ ነው።

ገንዘቡ ከሦስት ኪስ ይወጣል። ኩባንያው ለሁሉም ደንበኛ የሚለጥፈው ድጎማ ዛሬ «ጎንግቶንግ ጂዎንግም» ይባላል፤ እሱን ከወሰዱ 25 በመቶውን አያገኙም። ሱቁ ከኮሚሽኑ ቆርሶ የሚጨምረው «ቹጋ ጂዎንግም» ነው፤ ከሱቅ ሱቅ የሚለያየው ይህ ነው። ከጀርባ ደግሞ ቀፎ አምራቹ አለ። ሳምሰንግ ለማሻሻጫ ገንዘብ ያፈስሳል፤ አፕል በዚህ እጁ አይዘረጋም፣ የአይፎን ድጎማ አብዛኛውን ጊዜ የሚያንሰውም ለዚህ ነው። ኤልጂ በ2021 ከቀፎ ሥራ ስለወጣ ሳምሰንግን የሚገዳደር ሌላ ትልቅ የኮሪያ ቀፎ አምራች የለም።

ከድጎማውና ከ25 በመቶው የቱ ይሻላል? ሱቆች «ፓኬጁ ውድ ከሆነ 25 በመቶውን ምረጡ» ይላሉ። በ89,000 ፓኬጅ 24 ወር ሙሉ ከቆዩ 22,250 በ24 ተባዝቶ 534,000 ዎን ነው፤ የተለጠፈው ድጎማ 500,000 ቢሆን 25 በመቶው ይበልጣል፤ እውነታቸውን ነው። ግን ማንም ተማሪ 24 ወር ሙሉ 89,000 አይከፍልም። የተለመደው ውድ ፓኬጁን 6 ወር ይዞ ከዚያ ዝቅ ማድረግ ነው። ከ7ኛው ወር ወደ 45,000 ፓኬጅ ቢወርዱ ቅናሹ ለ6 ወር 133,500፣ ለቀሪው 18 ወር 202,500፣ በድምሩ 336,000 ዎን ብቻ ይሆናል። አሁን ድጎማው በ164,000 ዎን ይበልጣል። ሂሳቡ የሚሠራው በእርግጥ በሚከፍሉት ፓኬጅ እንጂ በመጀመሪያው ቀን ፓኬጅ አይደለም።

ለምን 6 ወር? ደንበኛው ከዚያ በፊት ከወጣ ወይም ፓኬጅ ካወረደ ኩባንያው ለሱቁ የሰጠውን ኮሚሽን መልሶ ይወስዳል። ሱቁ «ቢያንስ 185 ቀን ይቆዩ» የሚለው ስለዚህ ነው። ለእርስዎም ቀኑ ለውጥ አለው። ድጎማ ወስደው በመጀመሪያዎቹ 180 ቀናት መስመሩን ከዘጉ ድጎማውን ሙሉ በሙሉ ይመልሳሉ። ከዚያ በኋላ ቅጣቱ በቀረው ቀን ልክ ይወርዳል፦ የድጎማው መጠን ሲባዛ በቀሩት ቀናት፣ ሲካፈል ለውሉ ቀናት 180 ተቀንሶባቸው። 500,000 ዎን ድጎማ ወስዶ በ24 ወር ውል ልክ በዓመቱ የሚወጣ ሰው 365 ለ550 ሲካፈል በሚገኘው ልክ 332,000 ዎን ያህል ይከፍላል። ከ6 ወር በኋላ ፓኬጅ ሲያወርዱ ደግሞ ኩባንያው የሚያስቀምጠው ወለል አለ፤ ከእሱ በታች ከወረዱ የድጎማውን ልዩነት ይጠይቃል። ወለሉ ስንት ዎን እንደሆነ ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ።

ውሉ ሲቀርብልዎ ዓይንዎ መጀመሪያ የሚፈልገው አንድ መስመር ነው፤ «ሃልቡ ዎንግም»፣ ማለትም ተከፋፍሎ የሚከፈለው የቀፎ ዕዳ ዋናው። እዚያ 0 ከተጻፈ ቀፎው በእርግጥ ነፃ ነው። 1,155,000 ከተጻፈ ሻጩ ምንም ቢል ሙሉ ዋጋ እየከፈሉ ነው። በወር ስንት ነው ብለው አይጠይቁ፤ «ሃልቡ ዎንግም ስንት ነው?» ይበሉ። ይህን የሚጠይቅ የውጭ ዜጋ ሲገጥማቸው የንግግራቸው ዜማ ይቀየራል።

ይህን መስመር ለማሳነስ የሚገቡ ሌሎች ነገሮችም አሉ። አንዱ ከስልክ ኩባንያው ጋር የተያያዘ የክሬዲት ካርድ ቅናሽ ነው፤ ባለፈው ወር በካርዱ የተወሰነ መጠን ካልገዙበት አይቀነስም፣ ብዙ ተማሪም ካርዱን አያገኝም። ሌላው አሮጌ ቀፎዎን የሚመልሱበት ዋጋ ነው፤ ያ የራስዎ ንብረት ሽያጭ ነው። «ግማሽ ዋጋ» የሚባለው ደግሞ 48 ወር ተከፋፍሎ፣ በ24ኛው ወር ቀፎውን መልሰው ከዚያው ኩባንያ አዲስ ሲወስዱ ቀሪው የሚሰረዝበት ነው። አገር ለቆ ለሚሄድ ሰው ትርጉም የለውም። «ፔይቤክ»፣ ማለትም ዛሬ ሙሉ ዋጋ ፈርመው ከሁለት ወር በኋላ በባንክ እንመልሳለን የሚለው፣ ውሉ ላይ ካልተጻፈ እንደሌለ ይቁጠሩት፤ የተመላሽ ቀኑ ሲደርስ ሱቁ ተዘግቶ የተገኘባቸው ብዙ ናቸው።

አሁን ሦስት መንገዶችን በ24 ወር እናነጻጽር። የተባለልዎት፦ 101,835 በ24፣ ማለትም 2,444,040 ዎን ከፍለው ገና 408,000 ዕዳ ይቀርዎታል። ሁለተኛው፣ ጥሩ ሱቅ አግኝተው ቢዞሩ፦ ለምሳሌ ድጎማው 500,000፣ የሱቁ ጭማሪ 300,000 ቢሆን የቀፎው ዕዳ 355,000 ይሆናል፤ እሱን በካሽ ዘግተው (ወለድ እንዳይኖር)፣ 89,000 ፓኬጅ 6 ወር፣ 45,000 ፓኬጅ 18 ወር፣ ጠቅላላው 1,699,000 ዎን። ሦስተኛው፣ ቀፎውን ያለ ውል በሙሉ ዋጋ መግዛትና አሁን ባሉበት ዓይነት «አልትልፖን» መስመር በ20,000 ዎን አካባቢ መቆየት፦ 1,155,000 ሲደመር 480,000፣ 1,635,000 ዎን። ያለ ውል፣ ያለ ቅጣት፣ በፈለጉት ቀን የሚወጡበት ነው።

ለእርስዎ ሦስተኛውን እመርጣለሁ። ሁለተኛው የሚያዋጣው የሱቁ ጭማሪ ከ400,000 ሲያልፍ ወይም ብዙ ዳታ በእርግጥ የሚያስፈልግዎ ከሆነ ነው። አልትልፖን የትልልቆቹን አንቴና ተከራይቶ የሚሠራ ስለሆነ የሲግናል ልዩነት የለውም፤ የሚያንሰው የደንበኛ አገልግሎቱና የቤተሰብ ቅናሹ ነው። ካሽ አንድ ላይ ከሌለዎት ደግሞ ያገለገለ ወይም ያለፈውን ዓመት ሞዴል ይግዙ፤ 5.9 በመቶ ወለድ ከመግባት ይሻላል። ቀፎውን አዲስ አበባ ይዘው ቢገቡም በሌላ ሲም ይሠራል፤ ኮሪያ ውስጥ በሲም የተቆለፈ ቀፎ ከ2008 ወዲህ አይሸጥም። የካሜራው ድምፅ ግን ኮሪያ ውስጥ ሳሉ አይጠፋም፤ የኮሪያ ጋላክሲ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ፎቶ ሲያነሡ ቀጭ ይላል።

ለማንኛውም ለመዞር ከወሰኑ ፓስፖርት ሳይሆን የነዋሪነት ካርድዎን ይዘው ይሂዱ። በካርዱ፣ በባንክ ደብተሩና በአሁኑ መስመርዎ ላይ ያለው ስም ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን ቀድመው ያረጋግጡ። የእኛ ሰው ችግር ብዙውን ጊዜ እዚህ ነው፤ አንዱ ጋ የአያት ስም ገብቶ ሌላው ጋ ተዘልሎ፣ አንዱ ጋ ክፍተት ኖሮ ሌላው ጋ ተያይዞ ይጻፋል፤ ቁጥሩ ሳይዞር በመካከል ይንጠለጠላል። መጀመሪያ አሁን ያሉበትን መስመር አይዝጉ፤ ከዘጉት ቁጥሩ ይጠፋል፣ ከቁጥሩ ጋር የባንክና የዩኒቨርሲቲ ማረጋገጫዎ ይቋረጣል። አዲሱ ኩባንያ ሲቀበልዎ አሮጌው በራሱ ይዘጋል። በቅርቡ ዞረው ከሆነ ደግሞ እንደገና ለመዞር 3 ወር መጠበቅ ያጋጥማል። የመኖሪያ ፈቃድዎን ሲያድሱ አዲሱን ቀን ለስልክ ኩባንያውም ያሳውቁ፤ ቀኑ ባለፈበት ካርድ መስመር ይታገዳል።

ሱቁ ወርሃዊ ተጨማሪ አገልግሎቶችን ያስገባል፤ ስንት እንደሆኑና በስንት ወር መሰረዝ እንደሚቻል ውሉ ላይ ይጻፉልዎ፣ የሚሰረዙበትንም ቀን በስልክዎ ማስታወሻ ላይ ያስቀምጡ። ለመሰረዝ ከራስዎ መስመር 114 ይደውላሉ። የውሉን ቅጂ ሳይዙ ከሱቁ አይውጡ። መስመሩ ከተከፈተ በኋላ «ሐሳቤን ቀየርኩ» ብሎ ማስመለስ ሱቅ ውስጥ እጅግ ይከብዳል፤ የ14 ቀን ዕድል ያለው ቀፎው ሲበላሽ ወይም ጥሪ አልሠራ ሲል ነው። ክርክር ከተነሣ የሸማቾች ምክር መስመር 1372 ነው፤ ቋንቋ ከከበደዎት የውጭ ዜጎች መስመር 1345 በእንግሊዝኛም ያነጋግራል።

አንድ ሰው «በስምዎ አዲስ ቀፎ አውጡልኝ፣ ካሽ እሰጥዎታለሁ» ካለዎት ደግሞ አይንኩት። ቀፎው ይሸጣል፣ መስመሩ ለማጭበርበሪያ ይውላል፣ ዕዳውም የወንጀል ምርመራውም በእርስዎ ስም ይመጣል፤ ለቪዛ ዕድሳት ደግሞ ይህ መዘዝ ነው። በስምዎ የማያውቁት መስመር መከፈቱን «ኤም-ሴፈር» በሚባለው ድረ ገጽ ገብተው ማየትና አዲስ እንዳይከፈት መቆለፍ ይችላሉ። የየኩባንያውን ድጎማ ለማነጻጸር «ስማርት ቾይስ» አለ፤ እዚያ የማይታየው የሱቁ ጭማሪ ብቻ ስለሆነ፣ ሁለት ሦስት ሱቅ ገብተው አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ ለዚህ ቀፎ፣ በዚህ ፓኬጅ፣ ያለ ካርድና ያለ አሮጌ ስልክ ምላሽ፣ ሃልቡ ዎንግም ስንት ነው?